ያልተሞሉት ሦስት መስመሮች

«ዕጣ ፈንታሽ አልነበረም» የሚሉኝን ሰዎች አልወዳቸውም። ሊያጽናኑኝ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ማጽናኛ ሲሆን ይበልጥ ያናድደኛል።

ይትባረክን የወሰደብኝ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ሃይማኖት አልለየንም፣ ቤተሰብ አልከለከለንም፣ ድህነት መሀላችን አልገባም። በፍቅር ታሪክ ውስጥ የምናውቃቸው ጠላቶች በሙሉ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ግቢያችን ዝር አላሉም። መሀላችን የገባሁት እኔ ነኝ፤ ከነምላሴ። ስለዚህ ሌላ ሰው አሳምሮ ሳያወራው እኔው ልናገረው።

ነገሩ የጀመረው በሲሚንቶ ንጣፍ ነው።

አባቴ በዛብህ በምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ፎርማን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ለሐዲድ የተራመደ ሰው፣ ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት ስትሮክ መታውና የገዛ ግቢውን ማቋረጥ አቃተው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙ። ከሁሉ የባሰው ግን አንደበቱ መተሳሰሩ ነበር። ሐሳቡ ሙሉ ነው፤ ቃሉ አይመጣለትም። አንዲት ቃል ለማውጣት አንዳንዴ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል።

እኔ ደግሞ የአንድ ንግድ ድርጅት ነገረ ፈጅ ነኝ። አንድ ደቂቃ መጠበቅ አልተማርኩም። «ው...» ሲል «ውኃ?» እላለሁ። «መ...» ሲል «መድኃኒት?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስቼ ነበር። እሱ ግን ስለሚደክመው ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ እኔም የገባኝ ይመስለኛል።

ግቢያችን አፈር ነበር። ዝናብ ሲጥል ይቦረቦራል፣ ፀሐይ ስትወጣ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ የአባቴ ከዘራ በየጉድጓዱ ይሰነቀራል። ከቤቱ በር እስከ አጥሩ በር ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ያለ እኔ ክንድ አይደፍራትም ነበር።

«አባዮ፣ አስነጥፊው በቃ» አለችኝ ቢሻሮ፤ አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ቢሻሮ ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ናት፤ መንገዱ ላይ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ አላት። «ሰው አለኝ። እጁ ሥራ ያውቃል፣ አፍ ግን የለውም።»

«እኔም የምፈልገው አፍ የሌለው ግንበኛ ነው።»

«ለአንቺስ አፍ ያለው ነበር የሚሻልሽ። ይሄንን ወላሂ ትበዪዋለሽ» ብላ ሳቀች።

ግንቦት በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። እኔ አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው ውል አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። ግንበኛ ውል ሳያነብ ይፈርማል፤ ጭቅጭቁ የሚመጣው ኋላ ነው። ይሄኛው ግን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ሰባተኛው ልክ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«‹ሥራው እንደተጠናቀቀ ግቢው ለእግር ክፍት ይሆናል› ይላል። አይሆንም። መጋጠሚያው ከተሞላ በኋላ ሦስት ቀን አይረገጥም።»

«ሁለት ቀን ይበቃዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ማን ሲል?»

«ሰው።»

«ሰውየው መጥቶ ከእኔ ጋር ይነጥፋል?»

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሰባተኛውን አንቀጽ አረምኩ። ሰው አርሞኝ ሳልከራከር የተቀበልኩበት ሌላ ጧት ትዝ አይለኝም። ቀና ስል እያየኝ ነበር። ዓይኑን ቶሎ አልሰበረም፤ እኔም አልሰበርኩም።

መደርደሩ አምስት ቀን ፈጀ። የዓመት ፈቃዴን ለዚሁ ወስጄ ቤት ነበርኩ። ይትባረክ ከባልደረባው ከሃሺ ጋር ነው የሚሠራው። ሃሺ ሃምሳውን ያለፈ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ሥራ ላይ ዘፈን የማያቆም ሰው ነው። አሸዋውን ነፍተው ያስተካክላሉ፣ ንጣፉን ያሳርፋሉ፣ በጎማ መዶሻ መታ መታ ያደርጋሉ፣ ውኃ ልክ ያስቀምጣሉ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስለማታሠራ ያቆማሉ፤ የሚመለሱት አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ሃሺ ለምሳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይትባረክ ቤቱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ስለሆነ በዚያ ሙቀት መመላለሱን አልፈለገም። በረንዳው ላይ ከአባቴ አጠገብ ይቀመጣል።

በሁለተኛው ቀን ከወጥ ቤቱ መስኮት አየኋቸው።

«ሐ...» አለ አባቴ።

እኔ በሆዴ «ሐኪም» አልኩ። «ሐሙስ» አልኩ። ይትባረክ ምንም አላለም። የአባቴን አፍ እንኳ አላየም። ጊዜ እንዳለው ሰው ወደ ግቢው እያየ ተቀመጠ።

«...ዲድ» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ሐዲድ።»

«ሐዲዱ ምን ሆነ፣ ጋሽ በዛብህ?» አለ ይትባረክ። እንደገናም ጠበቀ።

ቆይቶ አባቴ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። በየቀኑ እንዲህ ተቀምጠው ምን እንደሚያወሩ አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም። ያየሁት በቅቶኛል ብዬ እዚያው ቆምኩ። ሽንኩርቱ አረረ።

አንድን ሰው በምን ወደድሽው ሲሉኝ መልስ አለኝ። በዚያ መስኮት ወደድኩት።

መጋጠሚያ መሙላት ከመደርደር ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ድሬ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ንጣፉ ላይ ውኃ ይርከፈከፋል። ደረቅ ከሆነ የሲሚንቶውን እርጥበት ይጠጣዋል፤ ያልጠነከረ ሲሚንቶ ደግሞ በሳምንቱ እየተፈረካከሰ ይወጣል። ድብልቁ ከቀጠነ ንጣፉን ያቆሽሻል፣ ከደረቀ ወደ ታች አይወርድም። በቀጭን ብረት እየጠቀጠቁ ነው የሚሞላው፤ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ።

ሐሙስ ጧት እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ተንበረከክሁ።

«ጨብጪው» አለኝ። ጨበጥኩት። «አሁን ልቀቂው።»

ድብልቁ የጣቶቼን ቅርጽ ይዞ መዳፌ ላይ ቀረ።

«ሲጨበጥ መያዝ አለበት። መዳፍሽን ካራሰው ግን ውኃው በዝቷል። ይሄ ልክ ነው።»

«መዳፌ ርሷል እኮ።»

እጄን ይዞ አየው። «እሱ የሲሚንቶው አይደለም» አለ።

ሃሺ ከወዲያኛው ጥግ ጮኸ። «ዋርያ! መጋጠሚያው እየደረቀ የሴት እጅ ትይዛለህ?»

«እያስተማርኩ ነው!»

«እኔንም እንዲህ ብታስተምረኝ ይሄኔ ኢንጂነር ነበርኩ አቦ!»

ሦስታችንም ሳቅን። እጄን ግን ወዲያው አልለቀቀም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ብረቱን መጋጠሚያው ላይ እያየ ጠየቀኝ።

«እሑድ ጋሽ በዛብህ እንግዳ ይቀበላሉ?»

«የምን እንግዳ?»

«አጎቴና ሃሺ። የሚመጡት ንጣፍ ለማየት አይደለም።»

ድብልቁን ከመዳፌ መጋጠሚያው ላይ አራገፍኩት።

«ሽማግሌ ከመላክህ በፊት እኔን አትጠይቀኝም?» አልኩ።

«አሁን ምን እያደረግሁ ነው?»

«ምላሴን አትፈራም? ሰፈሩ በሙሉ ይፈራዋል።»

«ቢሻሮ ትበላሃለች ብላኛለች። እስካሁን አልበላሽኝም።»

«እሑድ ይምጡ» አልኩት።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱ። ንጣፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑትና በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ እንዳጠጣው አደራ አለኝ። «እስከ እሑድ ማንም እንዳይረግጠው። ዳር ዳሩን ሂዱ። ዓርብ ከከተማ ውጪ፣ ዋሂል የምመለከተው ሥራ አለ፤ ቅዳሜ ጧት መጥቼ የቀረችኝን ትንሽ ነገር እጨርሳለሁ።»

የቀረችው ምን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ውል ላይ ነጠላ ሰረዝ የምፈትሽ እኔ፣ ስለ እሑዱ እንግዶች ለአባቴ ነግሬ፣ ምን እንደምለብስ እያሰብኩ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ከጓዳ ሆኜ የአባቴን ጩኸት ሰማሁ። ቃል አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነበር።

ስደርስ ግቢው መሀል ወድቋል። ጆንያዎቹ ወደ ጎን ተገፈዋል። ግንባሩ ደም፣ ግራ እጁ አንጓው ላይ ተጣሟል። ከዘራው ከአጠገቡ ብቻውን ቆሟል፤ ሁለት ጣት የሚያህል መጋጠሚያ ውስጥ ተሰንቅሮ። ነቀልኩት። የወጣው አሸዋ ነው። ባዶ አሸዋ፤ ሲሚንቶ የሚባል አልነካውም። ዓይኔን ወረወርኩ። እንዲህ ያሉ መስመሮች ከአጥር እስከ አጥር ሦስት ነበሩ።

ግንበኞች ሲያታልሉ አይቻለሁ። ፍርድ ቤት አቁሜያቸው ረትቻለሁ። ሲሚንቶ ሰርቆ አሸዋ የሚሞላ ሰው በሕይወቴ የመጀመሪያው አልነበረም። ስለዚህ አላሰብኩም፤ የማውቀውን ደገምኩ። ከዘራውን መልሼ አሸዋው ውስጥ ተከልኩትና በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። አዎ፤ አባቴን ከማንሣቴ በፊት።

ቢሻሮና ሌሎች ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ሲገቡ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ይትባረክና ሃሺ ወረዱ። ይትባረክ አንድ ጣሳ ሬንጅ ይዟል። ሃሺ ለእሑድ የገዛውን ነጭ ሸሚዝ ለአባቴ ሊያሳይ በፌስታል አንጠልጥሎ ነበር።

«ና!» አልኩት። «ና፣ የሠራኸውን እይ! የበሽተኛ አባቴን መንገድ በአሸዋ የሞላህ ሌባ! ሲሚንቶውን የት አደረስከው?»

«ኧረ ሴትዮ አላህን ፍሪ!» አለ ሃሺ። «ያ አሸዋ እኮ...»

ይትባረክ ክንዱን ያዘው። «ተው ሃሺ።»

የተገፈፉትን ጆንያዎች አየ። አባቴን አየ። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ ያለቅስ ነበር። ይትባረክ ጣሳውን መሬት አስቀመጠ።

«መልስ የለህም?»

«አለኝ።»

«ተናገራ!»

«አሁን አይደለም። መጀመሪያ ጋሽ በዛብህን እናንሣቸው።»

«እንዳትነካው! ሽማግሌ ልትልክልኝ ነበር? ሌባ ሽማግሌ አለው?»

ይህን ያልኩት ሃሺ ፊት ለፊት፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ነው።

«እ... እኔ...» አለ አባቴ።

«አባባ፣ አትድከም። እኔ እናገራለሁ።»

በዚያው ባጃጅ አባቴን ሆስፒታል ወሰድኩት። እጁ ጀሶ እስኪታሰር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ። ከዘራውን ከነአሸዋው ለጠፍኩ፤ ሙሉ ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ ጨመርኩ። «ነዋሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ሰው ተጠንቀቁ» የሚል ነበር። በሙያዬ ካዘጋጀኋቸው ክሶች ሁሉ እንዲህ የጠራ የለኝም። አንድ የሚነቀል ቃል አልነበረውም። ተከሳሹን ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁትም፤ ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ከሥራ አስባርረው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ግቢው ጸጥ ብሏል። ሦስቱም መስመሮች በሬንጅ ተሞልተዋል፤ ጥቁር፣ ቀጥ ያሉ፣ ከንጣፉ እኩል። ንጣፉ ላይ አንዲት ጠብታ አልነጠበችም። ጆንያዎቹ ታጥበው አጥሩ ላይ ተሰጥተዋል።

ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «ማስረጃ ሊያጠፋ ነው» አልኩ።

እሑድ አባቴ ኮቴን አልብሺኝ ብሎ በምልክት አስቸገረኝ። ጀሶ ያለበት እጁ ኮቱ ውስጥ ስለማይገባ ትከሻው ላይ ደረብኩለት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ እስከ ምሳ ድረስ በሩን አየ።

«አ... አይ...»

«አይመጡም አባባ። ባይመጡም ይሻላል።»

ማክሰኞ ቢሻሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«ኑኃሚን» አለችኝ። አባዮ አላለችም። «ሽማግሌው ሦስት ቀን ሙሉ ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ አንቺ ትዘጊበታለሽ። ዛሬ ወይ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ ወይ እኔ አፍሽን በዚህ በተከናነብኩት ጋርባሳሬ አስረዋለሁ።»

ተቀመጥኩ። አባቴ ጀመረ። የመጀመሪያው ቃል እስኪመጣ የጎረቤት ሬዲዮ ዜናውን አንብቦ ጨረሰ። ሁለት ጊዜ አፌ ሊከፈት ሲል ቢሻሮ ጉልበቴን ጨመቀችው።

«እኔ... ነኝ... ክፍት... ተው... ያልኩት።»

ከዚያ ቀስ በቀስ መጣ። በግንቦት ሙቀት ሐዲድ ይለጠጣል። ስለዚህ ሐዲድ ለሐዲድ ሲጋጠም ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ ካልተተወ ብረቱ መሄጃ ያጣና ይጣመማል። ይህን ለሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው፣ ከአጥር እስከ አጥር ታጭቆ በሲሚንቶ የተሞላ ንጣፍ በድሬ ፀሐይ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ተገፋፍቶ ይነሣል። በረንዳው ላይ ለይትባረክ የነገረው ይህንን ነው። ይትባረክም እንደዚያው አስቦ ኖሮ ተስማሙ። ሦስት መስመር ይተው፤ ከሥር አሸዋ ይሞላ፤ ሌላው ሲደርቅ ደግሞ ከላይ ሬንጅ ይፍሰስበት። ሬንጅ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፣ ከዘራም አያስገባም። ቅዳሜ የቀረችው ትንሽ ሥራ እሷ ነበረች።

እኔ የሐዲድ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ሐዲድ ላይ እየዘለልኩ ነው ያደግሁት። ያን ክፍተት በእግሬ ስቆጥር አድጌ፣ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

«ጆንያውን...» አለ አባቴ። «እኔ...»

ለምን ልል ነበር። አላልኩም።

«እሑድ... በር... ድረስ... ሄጄ... ቆሜ... ልቀበል።»

ሲለማመድ ነው የወደቀው። የልጁን ሽማግሌዎች በር ላይ ቆሞ ሊቀበል፣ ያለ እኔ ክንድ።

ቢሻሮ በጋርባሳሯ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ልጁ ጆንያዎቹን ሲያይ ወዲያው ገብቶታል። ‹አትርገጡ ያልኩትን የረገጡት እሳቸው ናቸው› ብሎ የወደቀ ሽማግሌ ላይ በጎረቤት ፊት ይመስክር? ለዚህ ነው ዝም ያለው። ሃሺ ነው የነገረኝ። አንቺ እዚያ ስትጽፊ እነሱ እዚህ ሬንጅ ያፈሱ ነበር።»

ጽሑፉን አጠፋሁት። ማስተባበያ ጻፍኩ፤ ሙሉ ስሜን አስቀምጬ፣ ጥፋቴን አንድ በአንድ ዘርዝሬ። ክሱን ከአራት መቶ በላይ ሰው አጋርቶት ነበር። ማስተባበያውን ያጋሩት ዘጠኝ ናቸው፤ ከዘጠኙ አንዷ ቢሻሮ። የሰው ስም ሲጎድፍ የሚሽቀዳደም፣ ሲጠራ ግን ጣቱን ማንቀሳቀስ የሚከብደው ሕዝብ! ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ከዚያ ያስጀመርኳቸው እኔ መሆኔ ትዝ ይለኛል፤ የምቆጣው አጣለሁ።

ስልኩ ዝግ ነበር። ሐሙስ ዋሂል ሄድኩ። የሚሠራበትን ግቢ ለማግኘት አልተቸገርኩም። «ያ ፌስቡክ ላይ የወጣው ግንበኛ?» ብለው ጠቆሙኝ።

የግቢው ባለቤት ሞሐሙድ የሚባል ነጋዴ ነው። ይትባረክ ተንበርክኮ መጋጠሚያ ሲሞላ፣ ሰውየው ወንበር እየጎተተ ይከተለዋል፤ እጁ ላይ ትልቅ ሚስማር ይዟል። አንዱ መስመር እንዳለቀ ሚስማሩን ይወጋዋል። «እዚህ ጋ ክፈተው» ይላል። ይትባረክ ያስተካከለውን ይቆፍራል፣ ከሥር ያለውን ያሳያል፣ እንደገና ይሞላል። ሃሺ ከጥግ ይሠራል፤ አይዘፍንም።

በሩ ላይ ቆሜ ሁሉም እንዲሰማ ተናገርኩ። «አቶ ሞሐሙድ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሰት ነው። ይህ ሰው አንዲት ጭብጥ ሲሚንቶ አልሰረቀም።»

ሰውየው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ታዲያ ውሸታም የነበርሽው ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?»

«ያኔ።»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አለና ሚስማሩን ቀጣዩ መስመር ላይ ወጋ።

ልክ ነበር።

ይትባረክ እጁን ታጥቦ መጣ። ከግቢው ውጪ የግራር ጥላ ሥር ቆምን።

«ጋሽ በዛብህ እንዴት ናቸው?»

«እየተሻለው ነው። ሁሉንም ነገረኝ።»

«ሁሉንም? ስንት ሰዓት ፈጀባቸው?» ሊስቅ ሞከረ።

«ይቅር በለኝ።»

«ብያለሁ። ቅዳሜውኑ ብያለሁ።»

«ታዲያ አጎትህ... እሑድ...»

«ኑኃሚን።» ስሜን እንዲህ ለስለስ አድርጎ ጠርቶት አያውቅም። ወዲያው መጥፎ ነገር እንደሚከተል ገባኝ። «አልተቀየምኩሽም። ፈራሁሽ። ብንጋባ አንድ ቀን የሆነ ነገር ይሰበራል። ቤት ነው፣ ይሰበራል። ያኔ ማስረጃዬን ይዤ ፊትሽ መቆም ሊኖርብኝ ነው። ይሄ ሰውዬ ሚስማር ይዞ ሲከተለኝ እችለዋለሁ፤ ሥራ ነው፣ ያልቃል። ቤቴ ውስጥ ግን አልችልም።»

ሦስት መልስ ነበረኝ። ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። ሁለተኛው በተለይ የሚያሸንፍ ይመስለኝ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ደክሞታል። ዋጥኳቸው። ልክ ሠርቼ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አንዴ እንኳ ብከራከር ደግ ነበር። ምናልባት የሚጠብቀው እሱን ነበር። የማውቀው፣ መናገር ባልነበረብኝ ቀን ተናግሬ መናገር በነበረብኝ ቀን ዝም ማለቴን ነው።

«ፀሐይዋ ሳትበረታ ሂጂ» አለኝ።

ሚኒባስ እስክትመጣ አብሮኝ ቆመ። በመስኮት ሳየው ወደ ግቢው እየተመለሰ ነበር፤ ዞር አላለም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። አባቴ አሁን ብቻውን በር ድረስ ይሄዳል። እኔም ሲናገር እጠብቀዋለሁ። ንጣፉ ሁለት ግንቦት አሳልፏል፤ አንዱም አልተነሣም። ግንበኛ የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ የይትባረክን ስም እሰጣለሁ፤ አንዳንዱ ይደነግጣል፣ «እሱ አይደል እንዴ...» ይላል፣ እኔም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ባለፈው ወር ቢሮዬ ሳለሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ወይዘሪት ኑኃሚን ነሽ?» የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። «ማዘንጊያ እባላለሁ። አታውቂኝም። ይትባረክ ስለሚባል አንድ ግንበኛ ልጠይቅሽ ነበር።»

«ይጠይቁኝ። ግቢ ሊያስነጥፉ ነው?»

«አይ፣ ልጄ። ሴት ልጄን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮብን ነው።»

ቆሜ ነበር። ተቀመጥኩ።

«ዘመድ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ያስቀረውን የድሮ ጽሑፍ አሳየን፤ አንቺ የጻፍሽው ነው አሉ። እናት ነኝና ዝም ብዬ መስጠት ከበደኝ። ሌባ ነው?»

«አይደለም።»

«ምን አጥፍቶ ነበር?»

«ምንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። አሸዋውን፣ ሬንጁን፣ አባቴን፣ ኮሪደሩን። አንዴም አላቋረጠችኝም።

«ቁጡ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ተሰድቦ እንኳ ሥራውን ጨርሶ የሄደ ሰው ነው። ይስጡት እማማ። አይሥጉ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ። አሳረፍሽኝ።»

ልትዘጋው ስትል አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ያ ጽሑፍ ላይ የእሱ ቁጥር እንጂ የእኔ አልነበረም።

«ስልኬን ከየት አገኙት?»

«እሱ ነው የሰጠን» አለች። «ጽሑፉን ስናሳየው አልተከራከረም። ‹እኔ ስለ ራሴ የምለውን አትመኑ። እሷን ጠይቋት፤ እውነቱን ትነግራችኋለች› አለን።»

መስኮቱ ውጪ ባጃጆች ይጯጯሁ ነበር።

«ልጄ?» አለች ወይዘሮ ማዘንጊያ። «አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት።